የፕላሲዶ ክብ ኳስ

ነገሩን የጀመረው ደንበኛዬ ዋስካር ነው። የኔ ስም የተነሳው ሱቁ የኔ ስለሆነ ብቻ ነው! ፕላሲዶ የቤዝቦል ጨዋታ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ «እንግዲህ ኳስ ክብ ናት» ባለ ቁጥር፣ ደጃፌ ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሁሉ ዶሚኗቸውን ጠረጴዛው ላይ ጧ! ያደርጓታል። አንድ እሁድ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርን። እኔም ከባንኮኒው ጀርባ በቢራ ጠርሙስ እመታ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ፕላሲዶ የዚሁ የሳን ፔድሮ ልጅ ነው፤ ለቡድናችን አሥራ አራት ዓመት ተቀባይ ሆኖ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ሲል ጉልበቱን የጨረሰ። ሜዳ ላይ አፉ አያርፍም ነበር። መቺውን በወሬ ብቻ አሳብዶ ነበር የሚያስወጣው። ማይክ ሲሰጡት ግን ምላሱ ተሳሰረ። «መቺው መታ። ባይመታ ኖሮ… አይመታም ነበር» ይላል። እንዴት አይሳቅ!

ሐሙስ ከሰዓት ራሱ እያነከሰ ከች አለ። ወንበር ሳበና፣ «ዋስካር፣ እኔን አስመስለህ ታወራለህ አሉ። እስቲ አሰማኝ» አለው።

«ኧረ ዶን ፕላሲዶ! ማን ነገረዎት? ዶና ኑሪስ ትሆናለች።»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ወሬኛ!» አልኩት።

«አሰማኝ እንጂ» አለ ፕላሲዶ። «የሬዲዮ ጣቢያው አለቃዬ ዛሬ ጠራኝ። እሁድ ካልተሻሻልኩ በሌላ ሰው ሊተካኝ ነው። እኔ ደግሞ ከሜዳው ርቄ መኖር አልችልበትም።»

ዋስካር እያፈረ ጀመረ፤ ሲሞቀው ግን ሳሉን ሳይቀር አመጣው። የፕላሲዶ ፊት ጠቆረ። ድንገት፣ «አንተ እንኳ አንድ ቀን ኳስ የመታኸው፣ ኳሷ አዝናልህ ቆማ ነው!» አለው። ከዚያማ ማን ያቁመው! የወርዋሪዎቹን ተንኮል፣ የዳኞቹን ኩርፊያ እያነሳ ሆዳችንን እስኪያመን አሳቀን።

«ታዲያ ይሄን ለምን በሬዲዮ አታወራውም?» አልኩት ተናድጄ።

«እዚያ ማን አለ ኑሪስ? ማይክና መስተዋት። ለማን ላውራው?»

እሁድ ሱቄን ዘጋሁ። ለገና እንኳ የማልዘጋውን! ዘጠኝ ሆነን፣ ዶሚኗችንን ይዘን፣ ስታዲየም፣ እሱ ከሚያስተላልፍበት ክፍል መስተዋት ፊት ለፊት ተኮለኮልን። ዋስካር ሬዲዮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከፈተው።

«እንግዲህ ኳስ…» ከማለቱ ዘጠኝ ዶሚኖ ወንበሩ ላይ ጧ!

ፕላሲዶ ቁልቁል አየን። ሬዲዮው ጭጭ አለ።

«… ኳስ ምን እንደሆነች ዋስካር ይነግራችኋል» አለ። «እናንተ ወርዋሪያቸውን እዩት፤ ጓንቱን ከፈት አደረገ። ኳሷን መዳፉ ውስጥ እየቀበራት ነው። ቀስ ብላ ነው የምትመጣው፤ የኛ ልጅ ቸኩሎ አየር ይመታል።»

አየር መታ! ከኋላችን ያሉት ሰዎች «ድምፁን ጨምረው!» እያሉ ዋስካር ላይ ጮኹ። ትንሽ ቆይቶ በየረድፉ ሬዲዮ ይከፈት ጀመር። መስተዋቱ ውስጥ አለቃው መጥቶ ከፕላሲዶ ጀርባ ቆመ፤ እጁን አጣምሮ ነበር፤ በኋላ ግን በመሐረብ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፣ በሳቅ!

ጨዋታውን ስድስት ለሁለት ተሸነፍን፤ አሸናፊዎቹ ይንደዳቸው፣ ማንም ከወንበሩ አልተነሳም።

«ማክሰኞም ጨዋታ አለን» አለ ፕላሲዶ መጨረሻ ላይ፤ «እኔም አለሁ፤ አለቃዬ አሁን በጆሮዬ ነገረኝ። ኑሪስ፣ ሂጂ ሱቅሽን ክፈቺ፣ ሰው ተጠምቷል። ስለ ሽንፈቱ ምን ይባላል? እንግዲህ ኳስ ክብ ናት።»

አንድም ዶሚኖ አልጮኸም። ዘጠኛችንም ቆመን እያጨበጨብን ነበር።