የወይዘሮ ቨርና ሁለተኛ ምስክር

ሥራዬ ማኅተሜን በመኪናዬ ይዤ፣ ሰው ያለበት ድረስ እየሄድኩ ውልና ሰነድ ማረጋገጥ ነው። ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ውክልና አስፈርሜያለሁ፤ ትራክተር ላይ ወረቀት ዘርግቼ የመሬት ሽያጭ አትሜያለሁ። ደንበኞቼ ግን ቤታቸው ድረስ ስለመጣሁላቸው ሕጉን ቢሮ ትቼው የመጣሁ ይመስላቸዋል። ይኼ ነገር ያናድደኛል።

ያን ሐሙስ የጠሩኝ ወይዘሮ ቨርና ፕሩት ነበሩ። ከፍሬስኖ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ፓይ የሚባለውን ፍራፍሬ የተሞላ ኬክ የሚሸጡበት ቤት ያላቸው ባልቴት ናቸው። የቤቱ አከራይ ሞቶ ልጁ ወርሷል። ልጁ ደግሞ “አዲሱ የኪራይ ውል ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ካልደረሰኝ፣ ቤቱን ለዶሮ ጥብስ ድርጅት እሰጣለሁ” ብሏል።

“መታወቂያዎን ይስጡኝ” አልኳቸው።

“የለኝም።”

“ቤት ረስተውት ነው?”

“ቦዩ ውስጥ ነው” አሉኝ፣ ሳያፍሩ። “ማለዳ ዓሣ ሳጠምድ አንድ ግንድ የሚያክል ያዘልኝ። እሱን ላወጣ ጎንበስ ስል ቦርሳዬ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ገባ።”

“ዓሣውስ?”

“እሱም አመለጠኝ።”

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኚህ ናቸው።

“ልጄ፣ ምን አስጨነቀሽ? ስሜ እኮ ከበሩ በላይ በትልቁ ተጽፏል!”

“ከበር በላይ የማንም ስም ይጻፋል፣ ወይዘሮ ቨርና።”

“ምን ዓይነት ድርቅ ያልሽ ሴት ነሽ!”

ድርቅ ማለቴን አልካድኩም። መታወቂያ የሌለው ሰው ግን መላ አለው። በደንብ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች፣ የራሳቸውን መታወቂያ ይዘው፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው “እሱ ነው” ብለው ይምላሉ። ከውሉ የገንዘብ ጥቅም የሚያገኝ ሰው ግን አይመሰክርም።

አንደኛው ምስክር በእግሩ መጣ። ፖስታ አዳዩ ሩበን ደብዳቤ ይዞ ሲገባ እዚያው አስማልኩት። ሁለተኛው ነው የጠፋው። ምድጃው ጋ ያለችው የልጅ ልጃቸው ሸሪካቸው ናት፤ ጥግ ላይ ፓይ የሚበላው ሰውዬ ለፓያቸው ኮክ የሚያቀርብላቸው ገበሬ ነው። የቀረው የከተማው ሰው ባዛር ሄዷል።

ሩበን አንገቱን አከከ። “እማማ ቨርና፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ... ከመንገዱ ማዶ ወይዘሮ ኢሞጂን አሉ።”

ወይዘሮ ኢሞጂን ሃስኬልም ምግብ ቤት አላቸው፤ እሳቸውም ፓይ ይጋግራሉ። በአንድ የባዛር የፓይ ውድድር ላይ “የቨርና ኮክ ትኩስ አይደለም፤ ከጣሳ የወጣ ነው” ብለው ለዳኞች ከተናገሩ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም።

“እሷን ከምለምን ቤቱን ዶሮ ይውረሰው!” አሉ ወይዘሮ ቨርና። ከዚያ ሰዓቱን አዩ። ድምፃቸው ወረደ። “ሩበን፣ ጥራት እስቲ።”

ወይዘሮ ኢሞጂን እጃቸው በዱቄት እንደተለወሰ ገቡ።

“ምን ሆነች? ሞተች እንዴ?”

“እየሰማሁሽ ነው” አሉ ወይዘሮ ቨርና።

ነገሩን አስረዳኋቸው። ወዲያው መንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተው ሰጡኝ፤ ቀኝ እጃቸውንም አነሡ።

“እኚህ ሴት ቨርና ፕሩት መሆናቸውን በግል ያውቃሉ?”

“አሳምሬ! እንዲህ አፍንጫዋን ሰቅላ የምትሄድ ሌላ ማን አለ?”

“አዎ ወይም አላውቅም ይበሉ።”

“አዎ።”

“እጇን እንዳታወርድ!” ወይዘሮ ቨርና ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። “መሐላ ላይ እያለች አንድ ነገር ልጠይቃት። ኢሞጂን፣ ከጣሳ የወጣ ነው ስትይ አምነሽበት ነበር?”

መሐላው ለዚህ አይደለም ብዬ ማስቆም ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር መልሱን እኔም ፈልጌዋለሁ።

የወይዘሮ ኢሞጂን እጅ አልወረደም። “አላመንኩበትም” አሉ። “ቀምሼው ነበር። እኔ እንደዚያ መሥራት አልችልም። አናደደኝና አፌ ቀደመኝ።”

ወይዘሮ ቨርና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ለዚህች ቀን ስንት ስድብ አዘጋጅተው እንደነበር ፊታቸው ላይ ያስታውቃል፤ አንዱም አልወጣላቸውም።

የመጨረሻው ጥያቄ ቀረኝ። “ይህ ውል በመፈረሙ የሚያገኙት ጥቅም አለ?”

ሩበን ሳቀ። “ኧረ እሳቸው የሚጠቀሙትስ ይኼ ቤት ቢዘጋ ነው! ፓይ የሚወድ ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ እሳቸው ጋ ነው የሚሄደው።”

ወይዘሮ ኢሞጂን ግን አልሳቁም።

“አለኝ” አሉ።

ብዕሬ ቆመ። ጥቅም ካላቸው ምስክርነታቸው ውድቅ ነው፤ ሌላ ሰው ለመፈለግም ጊዜ የለም።

“አላልኳችሁም!” ጮኹ ወይዘሮ ቨርና። “ልትጥለኝ ነው የመጣችው!”

“ዝም በይና ስሚኝ” አሉ ወይዘሮ ኢሞጂን። “ማለዳ በጨለማ ስነሣ መጀመሪያ የማየው የዚህን ቤት መብራት ነው። ‘ይቺ ደግሞ ቀደመችኝ’ እላለሁ፤ እየተናደድኩ ምድጃዬን አቀጣጥላለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከአልጋዬ የሚያስነሣኝ ይኸው ንዴት ነው። አንቺ ከሄድሽ ማንን ልቀድም ብዬ ነው የምነሣው?” ወደ እኔ ዞሩ። “ስለዚህ ጥቅም አለኝ። መሐላ ላይ ነኝ፤ አልዋሽም።”

“ገንዘብ ነው?” አልኳቸው።

“ምን ገንዘብ አለው? ኪሳራ ነው እንጂ!”

“እንግዲያው ሕጉ አይከለክልዎትም። ይፈርሙ።”

እሳቸው ግን ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ እንደቆሙ ቀሩ። ወይዘሮ ቨርና ብዕሩን ከእጄ ወስደው አቀበሏቸው።

“እጅሽን አውርጂ እንጂ፣ ኢሞጂን። በምንሽ ልትፈርሚልኝ ነው?”