ከበሩ የወጣው ነጭ ፕላስቲክ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ከፀሐዩ ወደ ጥላው ግቡና የወዬሳን ነገር ስሙኝ።

ወዬሳ አዳማ ውስጥ እጁ የተመሰገነ በያጅ ነበር። የአንድ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል በር፣ ያ ተራራ የሚያህለው፣ አልንቀሳቀስ ሲል እሱን ጠሩት። ሲፈታው ጨረር ከሚያግደው የእርሳስ ንጣፍ ጀርባ ወፋፍራም ነጭ ፕላስቲክ ተደርድሮ፣ ጎብጦ ብረቱን ይፈትጋል። «ፕላስቲክ ምን ሊያግድ!» አለ። አውጥቶ ሱቁ ወሰደው፤ እንዳይጎድልባቸውም በምትኩ ላሜራ በየደበት። በሩ ተንሸራተተ፤ መረቁት።

በሦስተኛው ወር የበሩን ሐዲድ ግሪስ ሊቀባ ሲመጣ ጨረር የምትለካው ሳፊያ ማሽኑን አጥፍታ በሩ ላይ ቆማለች። ጋሮምሳ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከሻሸመኔ የታመመች ሚስቱን ይዞ የመጣ፣ ይጮኽባታል።

«አምስት ወር ወረፋ ጠብቀናል! አብሪው!»

«ወንድሜ፣ ስማኝ። ማሽኑ ኃይሉ ሲበረታ ከገዛ ብረቱ ኒውትሮን የሚባል ደቃቅ ነገር ፈልቅቆ ያወጣል። እርሳስ አያቆመውም፤ የሚያደክመው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን ደግሞ አንድ ሰው ከበሩ አውጥቶታል፤ ዛሬ ስለካ ደረስኩበት። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሃዊ እርጉዝ ናት፤ ሦስት ወር ሙሉ እዚህ በሩ ሥር ስትሠራ ከረመች። አንድ ቀን አልጨምርባትም።»

«ብረት ያላቆመውን ፕላስቲክ? ትቀልጂብኛለሽ!»

በጥፊ አጮላት። ግድግዳው ሲመልሳት በቡጢ ደገማት፤ አፍንጫዋ ፈነዳ። ዘበኛው ደሊል መሐል ሲገባ ሆዱን በርግጫ ብሎ አጠፈው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከወዬሳ ሳጥን መዶሻውን አነሳ።

«ማነው ያወጣው? ሽጠሽው ነው አይደል? ተናገሪ!»

ወዬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆሟል። ቢናገር መዶሻው ወደሱ ይዞራል፤ ዝም ቢል የልጅቱ ጭንቅላት ነው። ዝም አለ። መዶሻው ወረደ፤ ሳፊያ በክንዷ መከተችው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ።

«እኔ ነኝ!» አለ ያኔ። «ተዋት! ያወጣሁት እኔ ነኝ!»

ጋሮምሳ ዞረ። የመጀመሪያው ምት ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው መንጋጋውን አገኘው። ሦስተኛውን ሲያነሳ ሚስቱ ቦንቱ በሩ አጠገብ ከቆመው ተሽከርካሪ አልጋዋ ተንሸራትታ በደሙ ላይ እየዳኸች እግሩን ጨመደደች።

«ሰው ገደልክ እኮ! በፈጠረህ፣ ብቻዬን ታስቀረኛለህ?»

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ወዬሳ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋና ወደ ሳፊያ ተንፏቀቀ።

«ሱቄ ነው ያለው... አልቆረጥኩትም።»

«ጋሽ ወዬሳ» አለችው ክንዷን አቅፋ፣ «ምነው አንዴ ቢጠይቁኝ?»

ፕላስቲኩ ተመለሰ፤ በሩም ተለክቶ ማሽኑ በራ። ቦንቱ ባሏ እስር ቤት ሆኖ ብቻዋን ታከመች። ሃዊ ግን እስክትገላገል ድረስ እንቅልፍ አልነበራትም። የወዬሳ ቀኝ እጅ ዳግመኛ የብየዳ ብረት አልጨበጠም።

አለማወቁንስ ማን ያልሳተ አለ ብዬ እተውለታለሁ፤ ሆዴን የሚበላው ያቺ ዝም ያለባት ቅጽበት ናት፤ የሳፊያን ክንድ ወሰደች። እናንተ ልጆቼ፣ አደራ፣ ያቺን ቅጽበት አስታውሱልኝ።