የዘለልኳት አንቀጽ

እኔ ታረቀኝ ቁጡ ነኝ፤ ሐይቅ ከተማ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን አይክድም። የትንሿ የካቶሊክ ጸሎት ቤታችን ቁልፍ እኔ ዘንድ የተቀመጠው ለጠባዬ ተብሎ ሳይሆን ማንበብ ስለምችል ነው። አባ ፈንታሁን ከደሴ የሚመጡት በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። በሌላው እሑድ ወንጌል የማነበው፣ መዝሙር የማስጀምረው፣ ማስታወቂያ የምናገረው እኔው ነኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው።

ኮሮና የገባ ሰሞን ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ መጣ። መጨባበጥና መስቀል መሳለም ቀረ። አግዳሚዎቹን አራራቅሁ፤ ከሃያ ሰው በላይ እንዳይገባ በር ላይ ቆምኩ። ቅዱስ ቁርባንም በአፍ መሆኑ ቀርቶ በመዳፍ ሆነ። አባ ባልመጡበት እሑድ ሁሉንም ቆሜ አነበብኩላቸው። ሁሉንም እንኳ አይደለም፤ የመጨረሻዋን አንቀጽ ዘለልኳት። አረጋውያንንና ሕሙማንን ካህኑ ቤታቸው ሄዶ እንደ ቀድሞው በአፋቸው ሊያቆርባቸው ይችላል ትላለች። አባ ስኳር አለባቸው። ይህን ከሰማ ሽማግሌው ሁሉ “እኔም ደክሞኛል” እያለ በዚያ በሽታ መሐል ቤት ለቤት ሊያዞራቸው ነው። አዘንኩላቸው እንጂ ክፉ አስቤ አልነበረም።

ታላቅ እህቴ ተሾመች ከፊት ተቀምጣ ሰምታለች። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሐይቁ ዳር አሳ ስትበልት ያረጀች። በቀጣዩ እሑድ አባ ቁርባኑን ይዘው እሷ ጋ ሲደርሱ መዳፏን አልዘረጋችም። ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ስንወጣ “ምን ሆነሽ ነው?” አልኳት።

“ታረቀ፣ በዚህ እጄ?” አለችኝ። “የአሳ አንጀት ሳወጣበት የኖርኩት እጅ እኮ ነው። ባጥበው ባጥበው ሽታው አይለቅም። ጌታዬን እዚህ ላይ አላስቀምጠውም።”

“ላንቺ ተብሎ ሕግ አይቀየርም። እጅሽን እስክትዘረጊ ቤትሽ ቅሪ” አልኳት፣ ሰው እየሰማ።

“እሺ” አለች። ተሾመች ከእኔ ጋር ተከራክራ አታውቅም።

ሦስት ወር ቀረች። ቅዳሴውን በስልክ ታዳምጣለች፤ ስልኬን ከፍቼ መንበሩ አጠገብ አስቀምጥላት ነበር። ማቁረብ ሲጀመር እሷ በዚያ በኩል ትዘጋዋለች። አባ “ተሾመች የት ጠፋች?” ሲሉኝ በሽታውን ፈርታ ነው አልኳቸው። እውነቱን ብናገር ያቺ አንቀጽ ልትነሳ ነው።

አንድ ቀን አብራት አሳ የምትሸጠው ኑርሀያት ስፌት ቤቴ ድረስ መጣች።

“አንተ ሰው፣ አላህን አትፈራም?” አለችኝ። “እህትህ እጇን በሎሚና በአመድ ስትፈትግ ቆዳዋ ተላጠ። ለቁርባን ነው ትለኛለች። እኛ በውሃ ታጥበን እንሰግዳለን። የናንተው ከዚህች ሴት ምን ቢፈልግ ነው?”

ሄጄ አየኋት። ጣቶቿ ቀልተው ቆስለዋል።

“ትንሽ ነው የቀረው፣ ሊለቅ ነው” አለች። እጇን አፍንጫዬ ድረስ አመጣችና “እስቲ አሽትተህ ንገረኝ” አለችኝ።

አሸተትኩ። አሳ አሳ ይላል። ምንም የለውም ብላት ምን ነበረበት? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ ድረስ አንጀቴን የሚበላኝ እሱ ነው።

“ገና ነው” አልኳት።

በሳምንቱ ሳል ጀመራት። በአራተኛው ቀን ትንፋሽ ሲያጥራት ለአባ ደወልኩ። መኪና ተኮናትረው፣ ቁርባኑን ደረታቸው ላይ ይዘው ከተፍ አሉ። ፊቷን ከሸፈንናት ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር።

አባ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። “ሦስት ወር ሙሉ ለምን ሳትቆርብ ቀረች?” አሉኝ።

“ፍርሃቱ ብቻ አይደለም፤ በመዳፏ መቀበሉም ከብዷት ነው።”

“ታዲያ እኔ መጥቼ በአፏ አቆርባት የለ? ደብዳቤው ላይ ተጽፏል እኮ። አላነበብክላቸውም?”

ጎረቤቱ ሁሉ ያየኛል። ኑርሀያትም ከዳር ቆማለች።

“ለሷማ ለብቻዋ ነግሬያታለሁ” አልኩ። “እሷ ናት እምቢ ያለችው።”

አባ ወደ ሬሳዋ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ምን ዓይነት እልኸኛ ነበረች” አሉ። በማግስቱም በቀብሯ ላይ፣ እግዜር እልኋን ይቅር እንዲላት አባ ሲጸልዩ፣ አሜን ብዬ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።