የአጎቴ መብራትና የማጣሪያው ክሮች

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በውኃ ማጣሪያው አዳራሽ ሦስት ሰዎች ነበርን፦ የፈረቃ አለቃ የሆነው አጎቴ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣችው መሐንዲስና እኔ። የእኔ ሥራ ክሮቹን ማጠብ ነው። ክር ስል የልብስ መስፊያ ማለቴ አይደለም፤ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ከስፓጌቲ ትንሽ የሚቀጥን ፕላስቲክ ነው። ውኃው በክሩ ግድግዳ ሰርጎ ሲገባ ቆሻሻው ውጭ ይቀራል።

ችግሩ በክሩ ላይ የሚይዘው ልጋግ ነው። ከሦስት ወር በፊት አጎቴ አንድ ብልሃት መጣለት። ጀርም የሚገድለውን ትርፍ መብራት ከመጋዘን አውጥቶ ገንዳው ውስጥ፣ ከክሮቹ ፊት ለፊት ሰቀለው። ልጋጉ ድራሹ ጠፋ። አጎቴም የልብ ልብ ተሰማው። መሐንዲሷ ብልሃቱን ካጸደቀችለት በሃያ ጣቢያ ይሠራበታል፤ እሱም የጣቢያ ኃላፊ ይሆናል። ለዚህ ቀን ብሎ ከረባት አስሯል።

እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ከመብራቱ ፊት ያሉት ክሮች ቢጫ ሆነዋል፤ ትንሽ ጎበጥ ካሉም እንደ ደረቅ ሣር ይሰበራሉ። ዐይን አፋር ነኝ። ልነግረው አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ አሥር ጊዜ አዛጋሁ።

አጎቴ መብራቱን አጥፍቶ አንዱን የክሮች እስር በሰንሰለት ከገንዳው አወጣ።

«ይኸው እትዬ መሐንዲስ! እንደ ሙሽራ ጥርስ የነጻ!»

«ሙሽራው ጥርሱን ምን ነካው? ቢጫ ነው እኮ!»

«እሱማ ብስለት ነው። ሙዝ ሲበስል ምን ይሆናል?»

«ይበላሻል» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «የምታጥበው አንተ ነህ አይደል? ጥንካሬው እንዴት ነው?»

አጎቴ ጠቀሰኝ። ደህና ነው ብል በሃያ ጣቢያ ክር ተሰብሮ ድፍርስ ውኃ ወደ ሰው ቤት ይገባል። አይደለም ብል የእናቴን ወንድም በገዛ ከረባቱ ማነቄ ነው። ምላሴ እምቢ ስላለ እጄን ላክሁ። አንዱን ቢጫ ክር ይዤ አጎበጥሁት። ቀጭ!

«እጁ ነው!» ጮኸ አጎቴ። «ይሄ ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር ነው ያደገው፤ እናቱ ትመስክር!» ራሱ በሁለት ጣቱ ሞከረ። ቀጭ። ሌላ አነሳ። ቀጭ።

«ይብቃዎት ጌታው፣ ሊጨርሱት ነው» አለች መሐንዲሷ።

ያን ጊዜ ድምፄ ወጣ። «ጋሼ፣ እስሩን ከያዘው ብረት ጀርባ ያለውን ክር ሞክር። መብራቱ አያገኘውም።»

ሞከረ። ነጩ ክር ጎብጦ ተመልሶ ቀና።

«የመብራቱ ጨረር ጀርምና ፕላስቲክ አይለይም» አለች እሷ። «ፕላስቲኩም እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ ጨረሩ ቀለበቶቹን እየበጠሰ ያደርቀዋል። በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ የፕላስቲክ ወንበር አያውቁም?»

«እንዴት አላውቅም! የተሰበረው አማቴ ተቀምጣበት ነው፤ እስከ ዛሬ የምትወቅሰው እኔን ነው።»

መሐንዲሷ ሳቀች። አጎቴ ግን ከረባቱን እያላላ አፈጠጠብኝ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ከወር በፊት።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ማዛጋት…»

«ልነግርህ እየሞከርሁ ነበር።»

«እኔ እኮ እንቅልፍ ያጣህ መስሎኝ ለእናትህ ነግሬብሃለሁ!»

ከሰዓት በኋላ መብራቱ ተነቅሎ ወደ መጋዘን ተመለሰ። በሳምንቱ አሥራ አራት እስር ክር ተቀየረ። የጣቢያ ኃላፊነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ አጎቴ በፈረቃ አለቃነቱ ቀጠለ።