ሥራ የፈቱ ጣቶች

ማሽኑ አላወቀኝም። አራት ጣቶቼን መስታወቱ ላይ ጫንኩ፤ ቀይ መብራት በራ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ማዶ የተቀመጠችው የቪዛ ማመልከቻ ተቀባይ ልጅ እርጥብ ወረቀት አቀበለችኝ። ጠርጌ እንደገና ጫንኩ። እንደገና ጮኸ።

"አባት፣ አሻራዎ የለም" አለች።

"የት ሄደ?"

"እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።"

በመስኮቱ ቀዳዳ አሳየኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ነኝ። ጡብ ቆዳ ይልጋል፤ የተረፈውን ሲሚንቶ ይበላዋል። የጣቶቼ ጫፍ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ጉድለት ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

"ከሥራ ይረፉ" አለች። "ሲሚንቶ አይንኩ፣ ጡብ አይንኩ። ጠዋት ማታ ቅባት ይቀቡ። ቆዳው ሲታደስ አሻራው ይመለሳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይምጡ።"

"ባይመለስስ?"

"በሐኪም ማስረጃ የሚሄድ ሌላ መንገድ አለ። ግን ረጅም ነው። እርስዎ ደግሞ የሚቸኩሉ ይመስሉኛል።"

እቸኩል ነበር።

እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ልጇን ተከትላ አውሮፓ ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ዓይኗ እዚያ ጠፋ። አሁን ደግሞ ልቧ ታመመ። ሐኪሞቹ ደረቷን ከፍተው ሊጠግኑት ቀን ቆረጡ። እሷም በበኩሏ ቆረጠች።

"ቁንጫ" አለችኝ በስልክ፤ ትንሽ ሳለሁ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ ሸብቼም ቁንጫ ነኝ። "አንተን ሳልዳብስ ቢላዋ ሥር አልተኛም።"

"እታለም፣ ልጅሽ አጠገብሽ አለች። ሐኪሙ አለ።"

"ሐኪሙ ወንድሜ ነው እንዴ?" ብላ ዘጋችብኝ።

ቆይታ ልጇ ደወለች። እያለቀሰች ነበር። "አጎቴ፣ ይህ ቀን ካመለጠን ሌላ ተራ እስኪደርሳት ልቧ አይጠብቃትም" አለች። "እኔንም ሐኪሙንም አልሰማ ብላለች። የምትሰማው አንተን ነው፤ አንተ ደግሞ እዚህ የለህም።"

ስለዚህ ነው ጣቴን ይዤ እዚያ መስኮት ፊት የቆምኩት።

ቤት ስገባ የሚስቴ ወንድም ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሰፈሩ "ቆንስሉ" ይለዋል። ስለ ቪዛ የማይመክረው ነገር የለም። ራሱ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለቴም ተከልክሏል፤ እሱ ግን ይህን እንደ ልምድ ነው የሚቆጥረው።

"ጋሼ፣ መጀመሪያውኑ ጠይቀውኝ ቢሆን" አለ። "ዋናው አቀራረቡ ነው። እህቴ ታማለች ብሎ ነገር አይሠራም። የታመመ ዘመድ ያለው ሰው ሄዶ ይቀራል ብለው ያስባሉ። ለጉብኝት ነው ይበሉ። ሐውልት ማየት እወዳለሁ ይበሉ።"

"ሐውልት አልወድም።"

"መውደድ አይጠበቅብዎትም እኮ!"

"እህቴ ታማለች። የምለው ይህንኑ ነው።"

"እንግዲህ እኔ መክሬያለሁ" አለና ወደ ሻዩ ተመለሰ። አንድ ደህና ነገር ግን ተናገረ፤ ይህን አልክድበትም። የሆስፒታሉ ደብዳቤ፣ የእህቴ ልጅ ግብዣ፣ የጉዞ መድን፣ የደርሶ መልስ ትኬት ማስያዣው፣ በሁሉም ላይ ያለው ቀን አንድ ዓይነት መሆን አለበት አለ። አየነው። መድኑ ከጉዞው አንድ ቀን ቀድሞ ያልቅ ነበር። አስተካከልን። ቆንስሉ የዚያን ቀን ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

የተቀረውን ሚስቴ ተረከበችው።

"ከዛሬ ጀምሮ እጅህ የእኔ ነው" አለች። ጣቶቼን አንድ በአንድ ቫዝሊን ቀብታ የልጆቻችንን አሮጌ የጥጥ ካልሲ አጠለቀችብኝ። አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ መስመር ያለው።

"ሰው ምን ይለኛል?"

"አብዷል ይልሃል። ሌላ ምን?"

ችግሩ ካልሲው አልነበረም። ችግሩ ግንቡ ነው። ዝናቡ የግቢያችንን አጥር ጥሎት ነበር። መሠረቱን አውጥቼ እስከ ጉልበት አድርሼው ሳለ ነው ሥራ የተከለከልኩት። ጡቡ ግቢ ተደርድሯል፣ ሲሚንቶው በረንዳ ላይ ነው፣ አጥሩ ግን አፉን ከፍቶ ቀረ። ውሻ ገባ። ቀጥሎ መንገደኛ ማቋረጫ አደረገው። አንዱ እንዲያውም በመስኮት አይቶኝ "እንደምን አደሩ" ብሎኝ በጓሯችን አልፎ ሄደ።

ሌላ ግንበኛ ጠራን። ወንበሬን አውጥቼ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁት። ሲባጎውን አላልቶ ወጠረ። ዝም አልኩ። ጡቡን ውሃ ሳያጠጣ አስቀመጠ። አሁንም ዝም አልኩ። ሦስተኛውን መስመር ሲጀምር ግን ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ምን አሉ?" አለኝ።

"ምንም።"

"ኧረ ይናገሩ፤ ሲያዩኝ ጀርባዬን ይበላኛል።"

ነገርኩት። የነገርኩት ትንሽ በዛ መሰለኝ። ከምሳ አልተመለሰም። ሲሄድ ሚስቴን "እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ በዓይናቸው ይገነባሉ፤ እኔ ምን አስፈለግሁ?" ብሏታል።

ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ግንቡንም እኔንም አየች። ከዚያ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ የፕላስቲክ ጓንቷን አጠለቀችና ማንኪያዬን ከባልዲው አወጣች። የግንበኛ ማንኪያ ነው የምለው፤ ሰው ነክቶብኝ የማያውቀውን።

"አንቺ ሴት፣ አስቀምጪው።"

"አንተን ችሎ የሚሠራ ሰው የለም። እኔ ደግሞ አንተን መቻል ከዱሮ ጀምሮ ተምሬዋለሁ። በል፣ ከየት ልጀምር?"

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። እኔ ወንበር ላይ፣ በካልሲ። እሷ ግንቡ ሥር።

"ጡቡን ባልዲ ውስጥ ንከሪው።"

"ለምን?"

"ደረቅ ከሆነ የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣዋል።"

"እሺ። እንዲህ?"

"በዝቷል። ቀንሺ።"

"አሁንስ?"

"አነሰ።"

"አፍህንም ካልሲ ባለበስኩት ኖሮ!"

ቱንቢውን ሲባጎ ላይ አንጠልጥላ የግንቡን ቀጥታ መለካት ስትማር ምላሷን በከንፈሯ ዳር አውጥታ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ መስመር አልሞላችም። በሁለተኛው ሞላች። ከዚያ እኔ የምናገረው እያነሰ መጣ። ይህ ለእኔ ከባድ ነበር። ሰው ማስተማር ከመሥራት ይከብዳል፤ ከዚያ የሚከብደው ደግሞ የሚነገር ነገር ማጣት ነው።

አንድ ጠዋት ገበያ ሄደች። ግንቡን ለማየት ወጣሁ። አንዲት ጡብ ከመስመሯ ወደ ውጭ ብቅ ብላለች። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። በአውራ ጣት አንድ ገፋ ማድረግ ነው የሚበቃት። ቀዩን ካልሲ አወለቅሁ። ጣቴን አየሁት። ጫፉ ላይ ቀጭን መስመር መስመር የሚመስል ነገር እየወጣ ነው፤ የሌላ ሰው ጣት መሰለኝ። እህቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ አልተኛም ስትል ታየኝ። ካልሲውን መልሼ አጠለቅሁ። ግን ጡቧን እንዲሁ ትቻት መሄድ አልቻልኩም። በጫማዬ ተረከዝ ገፋ አደረግኋትና ገባሁ።

ሦስተኛው ሳምንት አለቀ። መስኮቱ ፊት ቆምኩ። ያችው ልጅ ናት። ካልሲዎቼን ሳወልቅ ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አራት ጣቶቼን ጫንኩ።

አረንጓዴ በራ።

ግራውን ጫንኩ። አረንጓዴ። አውራ ጣቶቼን ጫንኩ። አረንጓዴ። ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ የሳቁትም አጨበጨቡ። እኔ ሰው ፊት የምስቅ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ጥርሴ አልከደን አለኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጠያቂው የውጭ ሰው ነው፤ አስተርጓሚ አለው። "እንደሚመለሱ በምን እናውቃለን?" አለ። ቆንስሉ ለዚህ ጥያቄ ረጅም መልስ አስጠንቶኝ ነበር፤ ስለ ንብረት፣ ስለ አገር ፍቅር። እኔ እንዲህ አልኩ፦

"ሚስቴ ግቢዬ ውስጥ ግንብ እየገነባች ነው። ቀጥ ማለቱን በራሴ ቱንቢ ሳልለካ እዚያ አገር እንቅልፍ አይወስደኝም።"

አስተርጓሚው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ተረጎመ። ጠያቂው የሆስፒታሉን ደብዳቤ አንብቦ እጄን ለማየት ጠየቀኝ። አሳየሁት። ቪዛው በሳምንቱ ደረሰ።

ፓስፖርቴን ይዤ ስገባ በቀጥታ ወደ ባልዲው ነው የሄድኩት። ሚስቴ ቀደመችኝ።

"ወዴት?"

"ቪዛው ወጣ እኮ!"

"አሻራህ ገና ድንበር አልተሻገረም። የቪዛ መስኮቷን ልጅ ጠይቄያታለሁ። እዚያም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያስጫኑሃል። ያኔ ማሽኑ ሌላ ሰው ነው ካለህ ምን ልትል ነው? ግንብ ላይ ነበርኩ?"

ባልዲውን ተውኩት። ለጉዞው ካልሲ አይሆንም ብላ ነጭ ጓንት ገዛችልኝ። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት "ሙዚቀኛ ነዎት?" አለችኝ። "ግንበኛ ነኝ" አልኳት። ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

ድንበር ላይ ያለው መኮንን ወጣት ነው። ቋንቋውን አላውቅም። ትንሿን መስታወት በጣቱ አመለከተኝ። ጓንቴን አውልቄ ጫንኩ። ቀይ። መኮንኑ አየኝ፣ ፓስፖርቴን አየ። አንድ ጣቱን አንስቶ "ቆይ" አለኝ መሰለኝ። የአውሮፕላኑ አየር ጣቴን አድርቆት ነበር። ከደረቀ አርጥበው ብላ ሚስቴ የመከረችኝን አስታወስኩና ጣቶቼን በግንባሬ ላይ አሸት አደረግኋቸው። ግንባሬ በላብ ርሶ ነበር። ጫንኩ።

አረንጓዴ በራ። መኮንኑ ማህተሙን መታው። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ በደንብ የተቀመጠ ጡብ ላይ በማንኪያ እጀታ መታ ሲያደርጉ የሚሰማውን ይመስላል።

እህቴ በነጋታው ሆስፒታል ልትገባ ቤቷ ተቀምጣለች። አንሳለች። በሩ ላይ ስቆም ሁለት እጆቿን ዘረጋች። እጄን ሰጠኋት። መዳፌን ዳበሰችው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጨመቀች። ፊቷ ተለወጠ።

"ይህ ማነው?" አለች። "ይህ የጸሐፊ እጅ ነው። ታማለችና አትለይም ብላችሁ ልታታልሉኝ ነው? ወንድሜን አምጡልኝ!"

"እማዬ፣ እሱ እኮ ነው" አለች ልጇ።

"ዝም በይ! የወንድሜ እጅ እንደ ሞረድ ነው።"

የግራ አውራ ጣቴን በመዳፏ ውስጥ አስቀመጥኩላት። ጫፉ ጠማማ ነው። ልጅ ሳለን እሷው ናት በር የዘጋችበት። ዳበሰችው፤ ደግማ ዳበሰችው።

"ቁንጫ!"

"አቤት እታለም።"

"እጅህን ምን አደረግኸው?"

"አሳረፍኩት። አንቺጋ ለመድረስ።"

"አንተ አረፍክ?" አለችና ሳቀች፤ ሳቋ እንዳለ ነው፣ ጎረቤት የሚያነቃው። "እንግዲህ አንተ ካረፍክ እኔ መተኛት አያቅተኝም።"

በነጋታው በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲገፏት እጄን እስከ በሩ ድረስ አልለቀቀችም። ሐኪሙ ሲወጣ አስቀድሜ ያየሁት እጁን ነው። አይንቀጠቀጥም። ፈገግ አለ። ልጇ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እህቴ ነቅታ አፏ ውኃ እንደቀመሰ "ሻከረ ወይስ ገና ነው?" ብላ ስለ እጄ ጠየቀች።

ደረጃ በራሷ እስክትወርድ ቆየሁ። ቪዛው የሰጠኝ ቀን ሳያልፍ ተመለስኩ።

ሚስቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ግንቡ አልቋል፤ ልስኑም ደርቋል። ጎረቤታችንም የራሷን አጥር እንድትገነባላት ሚስቴን ለምናታለች አሉ። ሻንጣዬን ሳላስገባ ቱንቢዬን አንስቼ ከላይ አንጠለጠልኩት። ከጫፍ እስከ መሠረት ቀጥ ብሎ ወረደ። ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ቀጥ ነው። ሚስቴ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች።

"በል ተናገር" አለች። "የቱ ጋ ነው ያጣመምኩት?"

መሃል ላይ ክሩ ትንሽ ራቅ አለ።

"አንዲት ጡብ ብቻ" አልኩ። "ወደ ውስጥ ገብታለች።"

"እሷ ያንተ ናት" አለች። "የጫማህ ምልክት አለባት፤ ሳልለስናት ሆን ብዬ ነው የተውኳት።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው።