የሰማዕት እናት ቃለ ምልልስ

የውጭ ጋዜጠኛ ሲመጣ አዋሳ ታምራለች። የመንገድ ዳር ዛፍ ሁሉ እስከ ወገቡ ኖራ ይቀባል፣ ለማኙ ከመናኸሪያ ይነሣል፣ እኔም ከማስተምርበት ክፍል ተጠርቼ አስተርጓሚ እሆናለሁ። ጋዜጠኛው የሚከፍለኝ እንድተረጉም ነው፤ ጓድ ሽፈራው የማይከፍለኝ ደግሞ እንዳልተረጉም። ሁለቱንም ሳላስቀይም ዓመታት ኖሬአለሁ። ሌላ አገር ብሆን ይህ ችሎታ አምባሳደር ያሰኘኝ ነበር።

ጓድ ሽፈራው የፕሮፓጋንዳ ካድሬያችን ነው። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ግን በየመሐሉ «የስ» እያለ ራሱን ስለሚነቀንቅ ምን ያህል እንደማያውቅ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል። በ1977 ዓ.ም. ማርግሬት የምትባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ስትመጣ የምታየውን ሁሉ አስቀድሞ አሰናድቶ ጠበቃት። የአምራቾች ማኅበር ታያለች፣ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ታያለች፣ በመጨረሻም የሰማዕት እናት ታነጋግራለች።

የሰማዕቱ እናት እትዬ ታቢታ ታቦር ተራራ ሥር ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ልጃቸው ኩማ ተማሪዬ ነበር። ወደ ሰሜን ዘምቶ ድምፁ ጠፋ። በዚህ መሐል የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ደረሰና ቀበሌዎች ሁሉ የሰማዕት እናት እንዲያቀርቡ ታዘዙ። የኛ ቀበሌ በእጁ የተረጋገጠ ሰማዕት አልነበረውም፤ እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት ደግሞ ያስገመግማል። ስለዚህ ኩማ ተሰዋ። እናቱን ባህል አዳራሽ መድረክ ላይ አውጥተው አጨበጨቡላቸው፣ ስኳርም ሸለሟቸው። እትዬ ታቢታ ግን አላለቀሱም። መርዶ በወጉ ይነገራል፤ ሽማግሌ በማለዳ በር ያንኳኳል፣ ዘመድ ይሰበሰባል። ማንም በሬን ሳያንኳኳ በጭብጨባ የሞተ ልጅ የለኝም፣ አላለቅስም አሉ። ቀበሌው ይህንን አብዮታዊ ጽናት ብሎ መዘገበው።

በቃለ ምልልሱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ሆቴል፣ ማርግሬት ከዘፈን ካሴቶቿ መሐል አንዱን አወጣች። ባልደረባዋ በሱዳን በኩል ገብቶ የተማረኩ ወታደሮችን የቀዳበት ነው፤ የሚሉትን ንገረኝ አለችኝ። በሻንጣዋ የኔን አንገት ይዛ ስትዞር እንደከረመች አልገባትም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። አንዱ ተናገረ፣ ሌላው ቀጠለ፣ ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ኩማ ማቴዎስ እባላለሁ። የአዋሳ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ታቦር ሥር ነው። እናቴን ታቢታን የሚያውቅ ካለ፣ በሕይወት አለ በሏት።»

ማዳመጫውን አውልቄ የማን ድምፅ እንደሆነ ነገርኳት። ማርግሬት ነገሩን ስትሰማ በደስታ ተነሥታ ቆመች፤ ለሬዲዮዋ ከዚህ የተሻለ ወሬ ከየት ይመጣል? በኛ አገር የሞተ ጀግና፣ የተማረከ ከሃዲ እንደሚባል፣ ይህ ድምፅ አየር ላይ ከዋለ እናቱ ከነቤታቸው እንደሚጠፉ አስረዳኋት። አላወጣውም አለች። ፈረንጅ ወሬ መተው መቻሉን ያን ጊዜ አየሁ።

ለእትዬ ታቢታ በቃሌ እንዳልነግራቸው፣ መሞቱንም የነገሯቸው በቃል ነው፤ ከእንግዲህ የሰው አፍ አያምኑም። ሆቴሉ እሳቸውን የመሰለ ሰው አያስገባም። ማርግሬት በማግስቱ ቃለ ምልልሱን እንደጨረሰች ትሄዳለች፣ ከሆቴሉ ስትወጣም ጓድ ሽፈራው እንደ መዥገር ተጣብቆባት ነው። የቀረን ቃለ ምልልሱ ብቻ ነበር። ልጃቸውን እዚያው በካድሬው ፊት ልናሰማቸው ተስማማን።

የእትዬ ታቢታ ቤት ኖራ ተቀብቶ፣ እሳቸውም ከቀበሌ የተዋሱትን ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ጠበቁን። ማርግሬት የኩማ ካሴት ያለበትን ቴፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እንግዳዋ የመሣሪያው ድምፅ በደንብ ይሰማቸው እንደሆነ ማየት ትፈልጋለች ብዬ ማዳመጫውን በነጠላቸው ላይ አጠለቅሁላቸው። ማርግሬት ማጫወቻውን ተጫነችው።

የፈራሁት እልልታ ነበር። አንድ እልልታ ሁላችንንም ይጨርሰናል። እሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ እጥፍ ብለው አለቀሱ። በመድረኩ ላይ ያልወጣ እንባ ሁሉ ወረደ። ጓድ ሽፈራው ፊቱ በራ።

«የሰማዕት እናት ማለት እንዲህ ነው» አለኝ።

እትዬ ታቢታ በሲዳምኛ፣ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አሰሙኝ አሉ። ጓድ ሽፈራው ሲዳምኛ አይሰማም። ምን አሉ ሲለኝ፣ አብዮቱን አመሰገኑ አልኩት። ማርግሬት በጥቅሻዬ ገብቷት ካሴቱን ኩማ ወደጀመረበት ወደኋላ መለሰች።

ይህኔ ጓዳችን ስሜቱ ተነካ። እናቲቱ በግል ሐዘን ጉዳዩን ከማጥበባቸው በፊት የመደብ ትርጉሙን የሚያስረዳ መግቢያ ያስፈልጋል ብሎ ማይክሮፎኑን ያዘ። ስለ መሣሪያው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቀይዋ መብራት ካልበራች ድምፅ አይቀዳም። «ቀይዋን አብሪ በላት» አለ። ማርግሬት ካሴት ልትቀይር እጇን ስትሰድ፣ ይሄኛው ምን ሆነ፣ ምን አለበት ብሎ ጎንበስ አለ። ተያየን። በዐይኔ እሺ አልኳት። ቀይዋን አበራች፤ ቀይዋ ስትበራ ደግሞ ካሴቱ ላይ የነበረው ድምፅ እየጠፋ ነው የሚቀዳው።

ማዳመጫው እስካሁን እትዬ ታቢታ ጆሮ ላይ ነው። ልጃቸውን ሲጠብቁ «ጭቁኑና ሰፊው የአዋሳ ሕዝብ» የሚል ድምፅ ገባላቸው። ዐይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ከዚያ ማዳመጫውን በሁለት መዳፋቸው ጆሯቸው ላይ ጫን አድርገው፣ ሰውዬው እስኪጨርስ ይጠብቁ ጀመር። ሰውዬው አይጨርስም። ኢምፔሪያሊዝምን አወገዘ፣ ምርትን አሳደገ፣ የተሰዋውን ጓድ ኩማን አመሰገነ፤ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ሲቆም ብቻ ቆመ።

ጓድ ሽፈራው ማዳመጫውን ከእትዬ ታቢታ ራስ ላይ አንሥቶ በራሱ ላይ አጠለቀ፤ የተናገረውን አስደመጥነው። የገዛ ድምፁ ጣፈጠው። ሲያልቅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንድታሰማኝ ንገራት አለኝ። ነገርኳት። በዚያን ቀን ሳላጣምም የተረጎምኩት ይህንን ብቻ ነው።

እትዬ ታቢታን ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ፈገግ እንደማለት አሉና በሲዳምኛ ተናገሩኝ።

«ግድ የለም፣ ይስማ። ኩማ ከሱ ቀጥሎ አይደል ያለው? እጠብቃለሁ።»