በመስኮቱ የሚያልፉ ስለቶች

ሽርርር… ሽርርር…

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። ድምፁ ከጓሮ ነው፤ ብረት ድንጋይ ሲልስ።

«አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ቢላ ይስላል!» አለች አንዲት ጎረቤት፣ ወደ አጠገቧ ሴት አዘንብላ።

«ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ የከረመ ሰው ምን ለቅሶ ያውቃል? የቅዳሜው የቢላ ኤግዚቢሽን ደርሶበት ነዋ!»

የሟች ሚስት ያልቀመሰችውን ሻይ አስቀመጠችና ወንድሟን በዓይኗ ጠቀሰችው። ሰፈሩ «ጠበቃው» ይለዋል። ችሎት ቆሞ አያውቅም፤ ግን ነጋ ቢሉት ይግባኝ የሚል ሰው ነው። ኮቱን እየቆለፈ ወደ ጓሮ ወጣ።

ጓሮ ያለው ወርክሾፕ በግድግዳ ለሁለት ተከፍሏል። በወዲያኛው ክፍል ሟች ስለት ይሠራ ነበር። በወዲህኛው ታናሽ ወንድሙ እጀታ ይገጥማል። በመሐል ከጋዜጣ ገጽ የማትሰፋ መስኮት አለች። ታናሽዬው ድንጋዩ ላይ እንደጎነበሰ ቀና አላለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረብህም?»

«ስለቶቹ ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ አለባቸው።»

«ይቀርባሉ! እኔው ራሴ አቀርባቸዋለሁ፣ የሱ እጅ እንደተዋቸው። እጀታውንም ሌላ ሰው ይገጥመዋል። በሙት ሥራ ላይ ድንጋይ የምታስኬደው የኔ ነው ለማለት አይደል? እህቴ የማታውቅ መሰለህ?»

«ይቺ ብቻ ናት የቀረችኝ። ልጨርሳት።»

«ጨርስ። እኔ ግን ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለ ጠበቃው፤ በሩ ላይ ተገትሮ እጁን አጣመረ።

የወንድማማቾቹ ጠብ የተነሣው ቀደም ሲል በነበረ ኤግዚቢሽን ነው። አንድ ገዢ ቢላውን አገላብጦ አየና «እጀታው እንዴት ያምራል!» ብሎ ሄደ። ሟች ፊቱ ጠቆረ። «ዘንድሮ ጭብጨባው ለጌጥ ለጣፊ ሆነ» አለ። «እንግዲያው ስለትህን በጨርቅ ጠቅልለህ ሽጠዋ!» አለው ታናሹ። በዚያው ተኳርፈው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሟች ስለት ሲጨርስ የመስኮቱን ደፍ በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ ያንኳኳ ነበር። አለቀ፣ ተቀበል ማለቱ ነበር። ከዚህ ሌላ ቃል አልነበራቸውም።

ኋላ ስለቶቹ እየተጣመሙ መምጣት ጀመሩ። ታናሽዬው «አውቆ ነው፣ ሊያዋርደኝ!» ብሎ በገነ። መልሶ ሊወረውርለት በመስኮቱ አጮለቀ። ሟች የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጁን በግራው ጨምድዶ ይዞ፣ እንዳስቸገረ ልጅ ይቆጣው ነበር፦ «ተው! ተው እንጂ!»

ታናሽዬው ኮቴውን ሳያሰማ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠማማውን በራሱ ድንጋይ እያቀና እጀታ ይገጥማል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። እነዚህ ለቅዳሜ የተሠሩትም እንደመጡ ቢቀርቡ፣ ቢላ ሠሪ ሁሉ በሟች ስም ሲስቅ ሊውል ነው።

የመጨረሻዎቹ ስለቶች ወፍራም ነበሩ። «ጭራሽ ደክሟል» ብሎ አዝኖ ነበር ያኔ። አሁን የመጨረሻዋን ወደ ብርሃኑ አነሣትና፣ ቀድሞ ካቀናቸው ጋር በልቡ ሲያስተያያት አንድ ነገር ታየው። ሁሉም ላይ አፋቸው ዙሪያ ብረት ተርፎ ነበር፤ ሁሉም ላይ በአንድ ልክ። የደከመ እጅ እንዲህ አይሳሳትም። ለሚያቀናው ሰው ያስተረፈው ነው።

ወንድሙ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

«ምን ያደርቅሃል? ና፣ አምጣ!» አለ ጠበቃው።

ታናሽዬው የመጨረሻዋን አቅንቶ ጨረሰና፣ ስለቶቹን በጨርቅ ጠቅልለው ገቡ። የሟች ሚስት አንዱን መዘዘችና የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ሳብ አደረገችው። ወረቀቱ ድምፅ ሳያሰማ ለሁለት ወደቀ። ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቢላ ሠሪ ተቀበሏትና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በስለቱ አፍ ላይ አሻግረው አዩ።

«ምንም ዝንፍ አላለ! እስከ ሞቱ ድረስ እጁ አልሰነፈም።»

ሴትየዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ወደ ዋርሳዋ፣ ወደ ታናሽዬው ዞረች።

«ሰማህ? ስለት ማለት ይሄ ነው! ይሄን ነው ልታበላሽ የነበረው? በቁሙ አኮረፍከው፣ ሞቶ እንኳ አትተወውም?»

ክፍሉ ሁሉ አፈጠጠበት።

«በል እንጂ፣ አፍ የለህም?» አለ ጠበቃው።

ታናሽዬው የብረት ብናኝ ያጠቆረውን እጁን ወደ ጀርባው ደበቀ።

«እውነትሽን ነው፣ እትዬ።»

ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። ከስለቶቹ አጠገብ፣ እንጨቱን በጣቱ አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። በሩን ከፍቶ ወጣ።